የባሕር መንገድና የነገሥታት ፈቃድ

ወደ ቅድስት ሀገር ለመሳለም የሚነሣ ክርስቲያን ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንደኛው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥታት ፈቃድ ነው። የመጀመሪያውን በጸሎትና በጾም ይለምናል፤ ሁለተኛውን ግን በወረቀት፥ በማኅተምና በገንዘብ ይጠይቃል። የእግዚአብሔር ቸርነት አይለወጥም፤ የመንግሥታት ትእዛዝ ግን ዛሬ ወጥቶ ነገ ይሻራል። ስለዚህ ጕዞን ማሰናዳት፥ ይልቁንም ከወደብ ወደ ወደብ እየተሻገረ የሚሄደውን የመርከብ ጕዞ ማሰናዳት፥ ለብዙ ምእመናን የልብ ጭንቀት ሆኖባቸዋል። «ገንዘቤን ከከፈልሁ በኋላ በሩ ቢዘጋ ምን አደርጋለሁ? ስእለቴስ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህ ጥያቄ አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ከ500 ዓመት በፊት የነበሩ ተሳላሚዎች ይህንኑ ጥያቄ በቬኒስ ወደብ ላይ ቆመው ጠይቀውታል፤ መልሱንም በጽሑፍ ትተውልናል። እኛም ለዛሬው ተሳላሚ ይጠቅመው ዘንድ የእነርሱን ታሪክ በአጭሩ እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1291 አካ የተባለችው የመስቀላውያን ምሽግ በግብፅ ማምሉኮች እጅ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ቅድስት ሀገርን የሚገዙት በካይሮ የሚቀመጡት ሱልጣኖች ሆኑ። የሮማ ሊቃነ ጳጳሳትም ከሱልጣኑ አገር ጋር መነገድን ከለከሉ፤ ያለ ሮማ ፈቃድ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደውም የላቲን ክርስቲያን በውግዘት እንዲያዝ አዘዙ። እንግዲህ የአውሮፓ ተሳላሚ በሦስት በሮች ማለፍ ነበረበት። የመጀመሪያው በር ሮማ ነበረ፤ ሁለተኛው መርከቡን የምትሰጠው ቬኒስ ነበረች፤ ሦስተኛው የይለፍ ወረቀት የሚሰጡት የሱልጣኑ ሹማምንት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ቢዘጋ የሁለቱ መከፈት አይጠቅምም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናቸው የሰውን ድካም አላየችም አይባልም። ሳያውቅ ወይም ሳይመቸው ያለ ፈቃድ የመጣውን ተሳላሚ የደብረ ጽዮን የፍራንቸስካውያን ገዳም አለቃ ከውግዘቱ እንዲፈታው ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር።

ቬኒስ የተሳላሚዎችን ጕዞ እንደ ታላቅ የመንግሥት ሥራ ትቈጥረው ነበር። ተሳላሚ የሚጭነው መርከብ ጋሌራ ይባላል፤ በሸራና በመቅዘፊያ የሚሄድ ረጅም መርከብ ነው። የመርከቡ አለቃ ከመንግሥቱ ፈቃድ ሳያገኝ ተሳላሚ መጫን አይችልም ነበር። የመነሻው ጊዜ ሲቃረብ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ሰንደቅ ዓላማ ይተከላል፤ በዚህም ምልክት መርከቡ ለኢየሩሳሌም መዘጋጀቱ ይታወቃል። የመርከብ አለቆችም እንግዳውን ለመሳብ ይሽቀዳደሙ ነበር።

በ1480 በኡልም ከተማ የሚኖር ፊሊክስ ፋብሪ የተባለ የዶሚኒካን ማኅበር መነኵሴ ለመሳለም ተነሥቶ ወደ ቬኒስ ወረደ። የተሳፈረበት መርከብ አለቃ አጎስቲኖ ኮንታሪኒ ይባላል። ያ ዓመት እጅግ አስጨናቂ ዓመት ነበረ። ቬኒስ ከቱርኩ ሱልጣን ከዳግማዊ መሐመድ ጋር በ1479 የሰላም ውል ተዋውላ ስለ ነበረ መርከቧ በሰላም ያልፋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በሜይ 1480 የቱርክ ጦር የሮድስን ደሴት ከበበ። ሮድስ ደግሞ የተሳላሚዎች መርከብ ከሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለች ደሴት ናት። መርከቡ ኮርፉ በደረሰ ጊዜ የቬኒስ የባሕር ጦር አዛዥ ወደ ፊት መሄዱ አደገኛ መሆኑን ለተሳላሚዎቹ ነገራቸው። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ በሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቹ ወደ ቬኒስ ተመለሱ፤ የቀሩት ግን ጕዞውን ቀጠሉ። መርከቡም ሮድስን ትቶ በቀርጤስና በቆጵሮስ በኩል አለፈ፤ ፋብሪም ኢየሩሳሌምን ለማየት በቃ።

ይሁን እንጂ በቅድስት ሀገር የቈየው 9 ቀን ብቻ ነበረ። በጥድፊያ ወደ ቅዱሳት መካናት ተወስዶ በጥድፊያ ተመለሰ። በመመለሻው ሮድስን ሲያይ ከበባው በኦገስት ተነሥቶ ከተማይቱ ፈራርሳ ነበር። ከኮርፉ የተመለሱትን ፈሪዎች፥ ወደ ፊት የሄዱትን ብቻ አማኞች ብለን ብንፈርድ እንሳሳታለን። የባሕሩን ሁኔታ የሚያውቀው አዛዥ የነገራቸው እውነት ነበረና፤ የሄዱትም ቢሆኑ የሄዱት ሮድስን የሚያርቅ ሌላ መንገድ ስላገኙ ነው። ይህን የሚመስል ነገር በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 27 እናነባለን። ቅዱስ ጳውሎስ በቀርጤስ ሳሉ የመርከብ ጊዜ ማለፉን አይቶ ጕዞው ጕዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። መርከቡ ተሰበረ፤ ሐዋርያው ስለ ጸለየላቸው ግን 276 ነፍስ ዳነ። ማስጠንቀቅ ከእምነት ጕድለት የመጣ ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው አስቀድሞ ባላስጠነቀቀ ነበር።

ፋብሪ ስእለቱ እንዳልተፈጸመ ቈጥሮ በ1483 አራት መኳንንትን ተከትሎ እንደ ገና ወደ ቬኒስ ወረደ። በዚህ ጊዜ ተሳላሚዎቹ ከፒየትሮ ላንዶ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ ውሉም በቬኒስ መንግሥት ጸሐፊዎች ዘንድ በመዝገብ ተጻፈ። ይህ ውል እስከ ዛሬ ሊነበብ የሚገባው ነው። የጕዞው ዋጋ ግማሽ በቬኒስ፥ ግማሽ ደግሞ መርከቡ ኢዮጴ ሲደርስ ይከፈላል። አለቃው በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ይሰጣል። መርከቡ በየወደቡ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይዘገይ የቀን ልክ ተወስኗል። በቅድስት ሀገር የሚጠየቀውን ቀረጥ፥ የይለፍ ወረቀት ዋጋና የአህያ ኪራይ የሚከፍለው አለቃው ነው። ተሳላሚ ቢሞት አለቃው በሟቹ ዕቃ ላይ እጁን አያገባም፤ ሞቱ ቅድስት ሀገርን ሳያይ ከሆነ ደግሞ ከተከፈለው ገንዘብ ግማሹ ይመለሳል።

የዚህን ውል ጥበብ አስተውሉ። ተዋዋዮቹ ሱልጣኑ ምን እንደሚያዝ፥ የቱርክ መርከቦች ወዴት እንደሚዞሩ፥ ነፋሱም ከየት እንደሚነፍስ አያውቁም ነበር። ይህን ሁሉ በውል ማሰር እንደማይቻል ያውቁ ነበር። ስለዚህ የሚታሰረውን ብቻ አሰሩ፤ ይኸውም ክፉ ቀን ቢመጣ ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድመው መወሰናቸው ነው። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ መከፈሉም አለቃውን ተሳላሚውን እስከ ኢዮጴ በደኅና እንዲያደርስ ያስገድደው ነበር። በ1480 ከፋብሪ ጋር በአንድ መርከብ የሄደው የሚላኑ ሹም ሳንቶ ብራስካ ደግሞ መንገደኛው አንድ ከረጢት ገንዘብ፥ አንድ ከረጢትም ትዕግሥት እንዲይዝ መክሯል። ሁለተኛውን ከረጢት ማንም ገበያ አይሸጠውም።

የትዕግሥቱ ከረጢት የሚፈታው በኢዮጴ ፊት ነበረ። መርከቡ በጁላይ 1483 መጀመሪያ ኢዮጴ ቢደርስም ተሳላሚው ወዲያው አይወርድም። የመርከቡ አለቃ ወደ ሹማምንቱና ወደ ደብረ ጽዮን መልእክተኛ ይልካል፤ የይለፍ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም የናፈቋትን ምድር በዓይናቸው እያዩ በመርከብ ውስጥ ይቈያሉ። ሲወርዱም የሱልጣኑ ጸሐፊዎች የእያንዳንዱን ስምና የአባቱን ስም ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ፍርስራሽ በሆነው ወደብ አጠገብ ባሉት ዋሻዎች ይጠበቃሉ። ከዚህ በኋላ በአህያ ወደ ራምላ፥ ከራምላም ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ፋብሪ በዚህ ጊዜ እንደ ፊተኛው አልተጣደፈም። ጓደኞቹ ብዙዎቹ ወደ መርከባቸው ሲመለሱ እርሱ ቈይቶ ወደ ደብረ ሲና ተሻገረ፤ በግብፅም በኩል ዞሮ በ1484 አገሩ ገባ። በ1480 የጐደለው በ1483 ተሞላ።

የእኛ አባቶች መንገድ ሌላ ቢሆንም ጭንቀቱ አንድ ነበረ። ከኢትዮጵያ የሚወጣው ተሳላሚ በግብፅ በኩል ስለሚያልፍ በሱልጣኑ ፈቃድና በነገሥታቱ ወዳጅነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የግብፁ የምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሰምተው በተጕለት ደብረ ምጥማቅን እንደ ተከሉ፥ በ1443ም ወደ ሱልጣን ጃቅማቅ መልእክተኛ እንደ ላኩ የታወቀ ነው። ወዳጅነቱ ሲሻክር ሱልጣኑ በ1448 የእስክንድርያው ፓትርያርክ ያለ እርሱ ዕውቀት ከኢትዮጵያ ጋር እንዳይላላክ አስገደደው። ይሁን እንጂ የኢየሩሳሌም ማኅበራችን አልተበተነም። የማኅበሩ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት ባሕር ተሻግረው በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል። ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታትም አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ወደዚያች ከተማ የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የመንገዳቸውን ማረፊያዎችና የቀኑን ቍጥር ጽፏል። ከእነዚህ ጽሑፎች አባቶቻችን መንገዳቸውን በቃል በሚገባ ያጠኑ ሰዎች እንደ ነበሩ እንረዳለን፤ በአንድ በኩል ሲዘጋ በየት በኩል እንደሚዞሩ ያውቁ ነበር።

ወደ ኋለኛው ዘመን ስንመጣ መከልከያው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከወረርሽኝ የተነሣ መርከብን አቁሞ ማቈየት በራጉዛ በ1377 በ30 ቀን ተጀመረ፤ ኋላም ወደ 40 ቀን ከፍ አለ፤ ኳራንቲና የሚለው ስምም ከዚሁ ከአርባው ቍጥር የመጣ ነው። ቬኒስ ለሕሙማን የተለየች ደሴት በ1423 አዘጋጀች። በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራንያን የሚሄደውን መንገደኛ ቢያሳጥርለትም በ1967 ጦርነት ተዘግቶ እስከ ጁን 1975 ድረስ 8 ዓመት ሳይከፈት ቈየ።

በ2020 የሆነውን ደግሞ ሁላችን እናስታውሳለን። በፌብርዋሪ ወር ዌስተርዳም የተባለ የመንገደኛ መርከብ ከአምስት ቦታ ተከልክሎ በመጨረሻ ካምቦድያ ተቀበለችው። በማርች ወር እስራኤል ለውጭ ሰዎች በሯን ዘጋች፤ በማርች 25 የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን በር ተዘግቶ እስከ ሜይ 24 ቈየ። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ያለ ተሳላሚ ተከበረ። በኖቬምበር 1 ቀን 2021 በሩ ለተከተቡ መንገደኞች ተከፈተ፤ ወሩ ሳያልቅ እንደ ገና ተዘጋ፤ በጃንዋሪ 9 ቀን 2022 ደግሞ ተከፈተ። በጥቅምት የሰማውን ይዞ ለገና የተዘጋጀ ተሳላሚ በኅዳር ኀዘን ላይ ወደቀ። ከኦክቶበር 2023 ጦርነት በኋላም የመርከብ ኩባንያዎች ወደ ሐይፋና ወደ አሽዶድ የሚያደርጉትን ጕዞ ሰርዘዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንማራለን? መርከብ የሚነካው ወደብ ሁሉ የራሱ መንግሥት ስላለው የአንዱን አገር ፈቃድ ይዞ የሁሉን ያገኘ መስሎ መነሣት አይገባም። ጕዞው በመንግሥት ትእዛዝ ቢቀር ገንዘቡ ይመለስ እንደ ሆነ፥ ለሌላ ጊዜም ይተላለፍ እንደ ሆነ ከመክፈል አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ የጥንቶቹ ተሳላሚዎች ያደረጉት ነው እንጂ የስስት ሥራ አይደለም። መላውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ከፍሎ መስጠት፥ የመመለሻውንም ቀን እጅግ ሳያጠብቁ ጥቂት ቀን መተው ይሻላል። ለጕዞው ተበድሮ መነሣት ግን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ በሩ ቢዘጋ ዕዳው አይዘጋምና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ስእለት ከመርከብ ቀን ጋር የታሰረ አለመሆኑን እናስብ። ሐዋርያው ያዕቆብ ነገን እንደ እጃችን ገንዘብ አድርገን እንዳንቈጥር ያስተምረናል። ከኮርፉ የተመለሰው ተሳላሚ ወደ ቤቱ የተመለሰው ልቡን ከኢየሩሳሌም ሳያርቅ ከሆነ በእግዚአብሔር ዘንድ ጕዞው አልቀረም። ፋብሪም 9 ቀን አይቶ ሦስት ዓመት ታግሦ ዳግመኛ መጥቷል። በዚህች ከተማ የምንኖር መነኮሳት በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ስለ ተሳላሚዎች መጸለይ ሥራችን ነው፤ የቀረውን እንግዳም የመጣውን ያህል እናስበዋለን። እግዚአብሔር የባሕሩን ማዕበል፥ የነገሥታቱንም ልብ ጸጥ አድርጎ በጊዜው ሁላችሁን በደኅና ያድርሳችሁ። አሜን።