ውሻ ከማሰልጠን በፊት ባለቤቱን

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለሰው ቢነገርም የውሻ አሰልጣኝነት ሙያ መነሻው ይኸው ነው። ውሻ የተጠቀመበትን ነገር ይደጋግማል።

ብዙዎቻችን አሰልጣኝ ሲባል ውሻን አስቆጪ ይመስለናል። የባለሙያው ሥራ ግን ትእዛዝን ከሽልማት ጋር ማገናኘት ነው። “ተቀመጥ” ብሎ፣ ውሻው ልክ ሲቀመጥ ቁራሽ ሥጋ ይሰጠዋል። ሽልማቱ ከዘገየ ውሻው ለምን እንደተሸለመ አያውቅም። ትምህርቱ አጭር፣ የትእዛዙ ቃልም ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት። በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ድምፅና ምግብ ደጋግመው ሲገናኙ ድምፁ ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያመጣ አሳይቷል። ቡችላ ሰውን፣ ሕፃናትንና ጫጫታን በቀላሉ የሚለምደውም ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዓመታት በፊት ውሻዬን “አሰለጥናለሁ” ላለኝ ሰው ሰጠሁት። በሰንሰለት አስሮ፣ አስርቦ፣ በዱላ እየነካካ ከረመና በወሩ መለሰልኝ። “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ግቢዎን የሚደፍር የለም” አለኝ። በሳምንቱ ውሻው የጎረቤቴን ልጅ ነከሰ። ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥበን ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያም ተከተበ። ልጁ ዳነ። ከእናቱ ጋር ግን ዓይን ለዓይን ለመተያየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። አንቀጽ 2072 ደግሞ እንስሳውን ለጥቅሙ የያዘውን ወይም ለመጠበቅም ሆነ በሌላ ምክንያት የተረከበውን ሰው፣ በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። አሰልጣኝም እዚህ ውስጥ ይገባል። ውሻውን ካስረከበኝ በኋላ ግን ከተጎጂው ፊት የምቆመው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ውሻውን ከመስጠትዎ በፊት በጽሑፍ ይዋዋሉ። የርክክቡና የመመለሻው ቀን፣ የማሰልጠኛው ዘዴ፣ የውሻው የክትባት ማስረጃ ይግቡበት። “ቦታውን አላሳይም” የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመዎ ውሻዎን ይዘው ይመለሱ።

በኋላ ያገኘሁት ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው “እርስዎ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣሉ?” የሚል ነበር። ለካ ተማሪው እኔም ነበርኩ።