የንጉሥ እንግዳ፣ የእግዜር እንግዳ፦ የወሎ ተራራ ማንን አበላ?

በደጋው የወሎ መንደር ሁለት ዓይነት እንግዳ ነበር። አንደኛው ማታ በር አንኳኩቶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚለው ነው። እሱ የሚበላው ቤቱ ያለውን ነው። ቆሎ ካለ ቆሎ፣ እንጀራ ካለ እንጀራ። እግሩ ታጥቦ፣ ከእሳቱ ዳር አድሮ፣ ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ሁለተኛው የንጉሥ እንግዳ ነው። እሱ አይለምንም፣ ታዞለት ይመጣል።

ዛሬ ከደሴ ተነስቶ በኩታበር፣ በተንታ፣ በደላንታ ገደላገደል ለአራትና ለአምስት ቀናት በሞተር ብስክሌት ስለሚደረግ ጉብኝት ሲታሰብ፣ ጥያቄው የመንገዱ ውበት ብቻ አይደለም። ውበቱ አያከራክርም። ጥያቄው ሞተረኛው ከሁለቱ እንግዶች የትኛው ነው የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠይቃል።

▪️ ባልደረባና ድርጎ

በድሮው ሥርዓት አንድ የሩቅ አገር ሰው ብቻውን አይጓዝም ነበር። ገዥው ባልደረባ ይመድብለታል። ባልደረባው መንገድ ያሳያል፣ በየደረሰበት ያስተዋውቃል፣ እንግዳውንም ይጠብቃል። ጠባቂም ነው፣ ተቆጣጣሪም ነው። በዛሬ ቋንቋ አስጎብኚ ልንለው እንችላለን።

ባልደረባው በደረሰበት መንደር ሁሉ የሚጠይቀው ድርጎ ነበር፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ ሙክቱ፣ የበቅሎው ገብስ። የንጉሥ እንግዳ የሚበላው በንጉሥ ስም ነው፣ የሚከፍለው ግን ገበሬው ነው። እንግዳው ባለሥልጣን ይሁን ፈረንጅ፣ ለገበሬው ሒሳቡ አንድ ነው። ገበሬዎች መንገደኛ ሲመጣ ከብታቸውን ወደ ገደል የሚያሸሹት፣ ጎተራቸውን የሚደብቁት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የመንገዱ ደኅንነት ደግሞ የተንጠለጠለው በሰው ፈቃድ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ተነስቶ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ሲጓዝ ይህን በራሱ ላይ አየው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወዳጅ ሆኖ የወጣ ሰው ነው። የወሎው ባላባት አዳራ ቢሌ መጀመሪያ በደግነት ተቀበለው። ሲመለስ ግን ይዞ አሰረው፣ ንብረቱንም ወሰደበት። ክራፕፍ ባዶ እጁን ምጽዋ የደረሰው በየመንገዱ እየለመነ ነው። የሸዋ ንጉሥ እንግዳ መሆኑ አልጠቀመውም። በመጨረሻ ያደረሰው የእግዜር እንግዳ መሆኑ ነው።

▪️ መድፍ የሚያልፍበት መንገድ

በዚህ ተራራ ላይ በጋሪ የሚሄድ መንገድ በመቅረጽ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጎተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ እየሠሩ ሄዱ። የዋድላንና የደላንታን ሜዳ አቋርጠው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። በገደሉ ላይ የቀረጹትን መንገድ ያዩ እንግሊዛውያን መኮንኖች ሳይቀሩ አድንቀዋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

በሌላ አቅጣጫ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች። ይህ ጦር በአንድ ነገር ይለያል። ለእህሉም፣ ለሣሩም፣ ለማገዶውም በማርያ ቴሬዛ ብር ከፍሎ ነው የገባው። ድርጎ ለለመደ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያው ለሣር የከፈለው ጦር የመቅደላን ብራና፣ መስቀልና ዘውድ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወሰደ።

እዚህ ላይ አንድ ትምህርት አለ። መክፈል ብቻውን እንግዳን ጨዋ አያደርገውም። ምን ከፍሎ ምን ይዞ እንደሄደም መጠየቅ አለበት።

▪️ አስፋልቱ ያለፈው በጎን ነው

ደሴ በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የወሎ ዋና ከተማ ሆነች። ከጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከምዕራብ ደጋውን ከምሥራቅ ቆላውን ታያለች። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ በቦርከና ዳር ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በሁለቱ መካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የአገሪቱን ዕጣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቷል።

ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ሚያዝያ 18 ከደሴ ተነሣ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ አስር ቀን የፈጀበት ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ስለናዱት ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ከአዲስ አበባ በደሴ እስከ አስመራ፣ ከኮምቦልቻም በባቲ ወደ አሰብ አውራ ጎዳና ዘረጋ። የተዘረጋው ለጦር ነበር፤ በጦርም ተመለሰ። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና የኢትዮጵያ አርበኞች ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያንኑ ዳገት እየተዋጉ ወጡ። ደሴም ሚያዝያ 18 ቀን ነፃ ወጣች።

ካርታውን ልብ ብሎ ላየ አንድ ነገር ይገባዋል። አውራ ጎዳናው የሚሄደው በምሥራቁ ጫፍ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ወልድያ። ሳይንት፣ ወረሂመኖ፣ ለጋምቦ፣ ደላንታ ግን ከምዕራብ ቀሩ። ወደ ገበያ የአንድና የሁለት ቀን የእግር መንገድ። መንገዱ ጉልበተኛውን ከአዲስ አበባ አስመራ ያደርሳል፣ ተራራውን ግን ከደሴ አያገናኝም።

▪️ ከ300 ቀን በላይ የተጓዘ ወረቀት

የዚህ መራራቅ ዋጋ በብር አይቆጠርም። በ1958 ዓ.ም. ከወረኢሉ ረሃብ መግባቱን የሚገልጽ የፖሊስ ሪፖርት ተጻፈ። ረሃብን በማጥናት የሚታወቁት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ይህን ጉዳይ ተከታትለውታል። ወረቀቱ በየቢሮው አልፎ ጃንሆይ ዘንድ እስኪደርስ ከ300 ቀን በላይ ፈጀ። ሲደርስም የተሰጠው መልስ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ሴባስቶፖል እንኳ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደበት።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ረሃቡ ራሱ ወደ አስፋልት ወረደ። ገበሬው ተራራውን ትቶ ከደሴ ወልድያ ባለው መንገድ ዳር ተሰለፈ፣ አውቶቡስ እያስቆመ ለመነ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ወሎን አወቀ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ያኔ የወሎ ክፍል ከነበረችው ከኮረም ያሳዩት ምስልም እንዲሁ ዓለምን ዞረ።

ካሜራው ውሸት አላሳየም። ግን የቆመው መኪና በሚደርስበት ቦታ ነው። ዓለም ያወቀው ወሎ የመንገድ ዳር ወሎ ነው፤ ሰው ቤቱን ጥሎ ከወረደ በኋላ ያለው ወሎ። ቤቱ ሳለ፣ ማሳው ሳለ፣ እንግዳ ሲያሳድር ያየው የለም።

▪️ ድርጎ ሲገለበጥ

እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ቀለል ያለ ነገር ተጀመረ። ተስፋ በሚል አጭር ስም የሚጠራው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ነው። መቋት ማርያምን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ ገደል አፋፍ ላይ የጎጆ ማረፊያ ተሠራ። ባለቤቱ መንደሩ ነው። ጎብኚው በአነስተኛ ቡድን ሆኖ ከአካባቢው መሪ ጋር በእግሩ ይሄዳል። ዕቃው በአህያ ይጫናል፤ አህያውን የሚነዳው ገበሬ ይከፈለዋል። የምታበስለዋ ይከፈላታል። የቀረው ወደ መንደሩ የጋራ ገንዘብ ይገባል፣ በምን ላይ እንደሚውል መንደሩ ይመክራል።

ይህ ድርጎ ተገልብጦ ማለት ነው። ባልደረባው የንጉሥ መሆኑ ቀርቶ የመንደሩ ሆነ። መንደሩ እንግዳን ማብላቱን አልተወም፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ራሱ ነው። ለእንግዳውም ቢሆን ይህ ይሻላል። የቤቱን ባለቤት ጎንበስ ብሎ ሳይሆን ፊት ለፊት ያየዋል።

▪️ ሞተሩስ?

ሞተር ብስክሌት ለወሎ ደጋ የቱሪስት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት የያዘው የጤና ሠራተኛ፣ ነጋዴው መኪና የማይደርስበት ቀበሌ የሚገባው በህንድና በቻይና ሞተር ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ፕሮግራም የተከፈቱት የጠጠር መንገዶችም ይህን አፋጥነዋል።

ለጉብኝትም ይመቻል። አንድ ሰው ጠዋት ከደሴ ተነስቶ የበሽሎን ሙቀት ቀምሶ፣ ከሰዓት የደጋውን ብርድ ሊያገኝ ይችላል። ልምድ ያለው መሪ ያስፈልገዋል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ ጎማ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ያመነ ገደል ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ፊት የሚመራ፣ ኋላ የሚጠብቅና ዕቃ የሚጭን መኪና ይኖረዋል።

ችግሩም እዚያው መኪና ላይ ነው። ምግቡ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከመጣ፣ ድንኳኑ፣ ውሃውና ነዳጁም እንዲሁ ከሆነ፣ መሪውም ከተማ ሰው ከሆነ ለመንደሩ የሚቀረው አቧራ ነው። በእግር ሦስት ቀን የሚፈጀው በሞተር በግማሽ ቀን ያልቃል። መንደሩ ማደሪያ መሆኑ ቀርቶ ማለፊያ ይሆናል። ልጆች ከረሜላ ለመለመን ይሮጣሉ፣ ጎብኚው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። የመንገድ ዳሩ ወሎ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

«ቱሪዝም የማይታመን ነው፣ ገበሬን በእሱ ማንጠልጠል አደጋ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ትክክል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነት ተይዘው እስከ ኅዳር 27 ሲቆዩ ማንም ጎብኚ አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ጎብኚን አርቋል። ግን ክርክሩ የሚያስረዳው እንግዳ አይምጣ ማለትን አይደለም። ጎጆው የማሳው ደጋፊ እንጂ ምትክ መሆን የለበትም ማለትን ነው። እንግዳ ሲቀር የሚቀረው ገቢ እንጂ ኑሮ እንዳይሆን።

ሰላም ሲሆን ሞተረኞቹ መምጣታቸው አይቀርም። መቅደላ፣ ግሸን፣ የቦረና ሳይንት ደንና ቀይ ቀበሮው፣ የደላንታ ኦፓል የሚወጣበት ገደል የሚስቡት ሰው አይጠፋም። ያኔ ወረዳውም፣ አስጎብኚ ድርጅቱም፣ ጎብኚውም ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይበቃል። የት ያድራል? ማን ይመራል? ዋጋውን ማን ቆረጠ? መልሱ ሦስቱም ጊዜ «መንደሩ» ከሆነ ጉዞው የሚደገፍ ነው። ካልሆነ ባልደረባው የራስ ቁር ደፍቶ፣ ድርጎው በአቧራ ተመንዝሮ ተመልሷል።

የእግዜር እንግዳ ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል። እሱን ማንም ዋጋ አይቆርጥለትም። የወሎ ሰው ዛሬም ማታ በሩ ሲንኳኳ «ግቡ» ይላል።