ቢልጅ ፓምፕ

ቢልጅ ፓምፕ በጀልባ ወይም በመርከብ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው። ቢልጅ የሚባለው ከወለሉ በታች ያለው፣ የጀልባው ዝቅተኛ የውስጥ ክፍል ነው። ዝናብ፣ ከጎን የሚረጭ ማዕበል፣ በሞተሩ ዘንግ ዙሪያና በትናንሽ ስንጥቆች የሚንጠባጠብ ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። የጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ይህ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ውሃ ቢገባበትም የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ከብረት ወይም ከፋይበር ግላስ የተሠራ ጀልባ ግን የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው ባዶ ቦታ ስለሆነ፣ ያ ቦታ በውሃ ከተሞላ ይሰጥማል።

ችግሩ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ለሲራኩስ ንጉሥ ለ2ኛው ሂየሮን የተሠራችው ሲራኩሲያ የተባለች ግዙፍ መርከብ ቢልጇ ጥልቅ ቢሆንም፣ በአርኪሜድስ ጠመዝማዛ አማካይነት አንድ ሰው ብቻውን ውሃውን ያወጣ እንደነበር ግሪካዊው ጸሐፊ አቴናዮስ መዝግቧል።

ዓይነቶች

በትናንሽ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚገኘው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሴንትሪፊዩጋል ፓምፕ ነው። በውሃ ውስጥ ተጠልቆ ይቀመጣል፤ በውስጡ የሚሽከረከረው ክንፍ ውሃውን ወደ ቱቦው ይገፋዋል። ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን አየር መሳብ አይችልም። ዲያፍራም ፓምፕ በአንጻሩ የላስቲክ ሽፋን ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ይሠራል፤ ከውሃው በላይ ሊተከልና ውሃውን ወደ ላይ ሊስብ ይችላል። በእጅ የሚሠራው ዲያፍራም ፓምፕ ባትሪ ስለማይፈልግ፣ ኤሌክትሪክ ያለው ጀልባም ቢሆን አንድ ሊይዝ ይገባል። ባትሪው ራሱ በውሃ ሲዋጥ የሚቀረው እሱና ባልዲ ብቻ ነው።

የሚገባው ውሃ መጠን

ፓምፕ ከመምረጥ በፊት አንድ ቀዳዳ ምን ያህል ውሃ እንደሚያስገባ ማስላት ይጠቅማል። ከውሃው ወለል 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ዲያሜትሩ 2.5 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ቢከፈት፣ በቶሪቼሊ ሕግ መሠረት ውሃው በሴኮንድ 2.4 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይኖረዋል። የቀዳዳው ጠርዝ ፍሰቱን ስለሚያጠበው 60 በመቶው ብቻ ቢወሰድ እንኳ በደቂቃ 43 ሊትር ያህል ይገባል። የቀዳዳው ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ ፍሰቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 5 ሳንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ በደቂቃ ከ170 ሊትር በላይ ያስገባል። ጥልቀቱ 4 እጥፍ ሲሆን ግን ፍሰቱ የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር

የፓምፖች አቅም ብዙውን ጊዜ በሰዓት በአሜሪካ ጋሎን ይገለጻል። 500 ጋሎን የሚል ፓምፕ በደቂቃ 32 ሊትር ያህል ማለት ስለሆነ ከላይ የተጠቀሰውን ትንሽ ቀዳዳ እንኳ አይችለውም። 1,100 ጋሎን የሚለው በደቂቃ 69 ሊትር ስለሆነ የሚችለው ይመስላል። ይህ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው ውሃውን ወደ ላይ ማንሳት በማያስፈልግበት ሁኔታና 13.6 ቮልት በሆነ ኃይል ነው። ይህ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ሲሞላ የሚገኝ ኃይል ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቮልቴጁ ወደ 12 ገደማ ይወርዳል፤ ውሃው 1 ሜትር ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ቱቦውም ይታጠፋል። በእነዚህ ምክንያቶች ትክክለኛው ፍሰት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ያን ጊዜ 69 ሊትሩ ወደ 35 ይወርድና ቀዳዳው ያሸንፋል።

በዚህ የተነሳ ፓምፕ የተበሳ ጀልባን ለዘለቄታው ያንሳፍፋል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ወይም በእንጨት ለመድፈን አለዚያም ወደ ዳር ለመድረስ የሚሆን ጊዜ። ሲመረጥ ቦታውና ባትሪው የሚፈቅዱትን ትልቁን መውሰድ ይመረጣል።

ቱቦና ገመድ

ቱቦው ከፓምፑ መውጫ መጥበብ የለበትም። ለተመሳሳይ ፍሰት የሚባክነው ግፊት በዲያሜትሩ 5ኛ ኃይል ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ 30 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቱቦ ከተሸበሸበው ይሻላል። ከፓምፑ እስከ መውጫው ሳይወርድ እየወጣ መሄድ አለበት፤ መሃል ላይ ከረገበ አየር ይታሰርና ሴንትሪፊዩጋል ፓምፑ እየዞረ ውሃ አያወጣም። መውጫው ከውሃው ወለል በደንብ ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ጀልባው ሲያዘነብል የውጭው ውሃ በዚያው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። ይህን ለመከላከል በቱቦው ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ መግጠም የተለመደ ቢሆንም ፍሰቱን ይቀንሳል፤ በቆሻሻም ሊያዝ ይችላል።

ውሃው ከፍ ሲል ፓምፑን በራሱ የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ባለቤቱ በሌለበትም እንዲሠራ ከዋናው ማጥፊያ በፊት በፊውዝ በኩል ከባትሪው ጋር ይገናኛል። ፊውዙ አምራቹ ከሚያዝዘው መብለጥ የለበትም፤ ክንፉ በቆሻሻ ተይዞ ሲቆም ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ እሳት ሊነሳ ይችላል። የሽቦ መጋጠሚያዎች ውሃው ከሚደርስበት በላይ መሆን አለባቸው። አብዛኛው የፓምፕ ብልሽት የሚመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከዛገ መጋጠሚያና በፀጉር፣ በቅጠል ወይም በላስቲክ ከተዘጋ ማጥለያ ነው። ተንሳፋፊውን በእጅ ማንሳት ማብሪያው መሥራቱን ብቻ ያሳያል። ውሃው በእርግጥ መውጣቱን ለማወቅ አንድ ባልዲ ውሃ ቢልጁ ውስጥ አፍስሶ ማየት ያስፈልጋል።