ከፆታዊ ጥቃት በኋላ ከትዳር ጓደኛ ጋር እንደገና መቀራረብ

ጥቃቱ ሲደርስብኝ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሳገባ ያለፈ ታሪክ ነው ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ ባለቤቴ ሳላስበው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ሲነካኝ ሰውነቴ ድርቅ ይላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ እስኪያልቅ መጠበቅ ልማዴ ሆነ። እሱ የማልወደው መሰለው፤ እኔም የማበድ መሰለኝ። ወደ መለያየቱ ተቃርበን ሳለ ነው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ የሄድነው። እዚያ የተማርኩት፣ እንደ እኔ በዝምታ ለሚሰቃዩ ይጠቅማል ብዬ አካፍላችኋለሁ።

ሰውነት ለምን ይፈራል?

አደጋን በፍጥነት በመለየት ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው የአንጎል ክፍል አሚግዳላ ይባላል። በጥቃቱ ወቅት የነበረ ሽታ፣ ድምፅ ወይም አነካክ ከአደጋው ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። በመሆኑም ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥም፣ «ባለቤቴ እኮ ነው» ብለን ከማሰባችን በፊት ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። በጥቃቱ ጊዜ መጮኽ ወይም መታገል ያቃታቸውም ብዙ ናቸው፤ ሰውነት ከፍርሃት ብዛት ደርቆ ይቀራል። ይህ ደግሞ ፈቃደኝነት አይደለም። እኔ ግን «ለምን አልጮኽኩም?» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ዓመታት አልፈዋል።

ከየት ይጀመራል?

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ በቅድሚያ ደህንነት ማግኘት፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር ዳግም መገናኘት። የእኛ ስህተት ከሦስተኛው መጀመራችን ነበር።

ደረጃ በደረጃ

የረዳን ዘዴ ማስተርስና ጆንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቁት ነው። ባልና ሚስት ለተወሰነ ጊዜ ግንኙነት ላለመፈጸም ይስማሙና በየተራ እጅን፣ ጀርባን፣ ፊትን ይዳስሳሉ። ዓላማው ስሜትን ማስተዋል ብቻ ነው። ባለሙያዋ በእኛ ላይ አንድ ደንብ ጨመሩ፤ «በቃ» ስል ያለ ምክንያትና ያለ ኩርፊያ ይቆማል። አንድ ምሽት እጄን እንደያዘኝ «በቃ» አልኩት። ወዲያው ለቀቀኝና ተነስቶ ሻይ አፈላ። እንቢ ማለት እንደምችል ሰውነቴ ያመነው ያን ዕለት ይመስለኛል፤ እሺታዬም ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛ የሆነው።

ትዝታው በድንገት ሲመጣ

• ማቆም፣ ዓይን መግለጥ፣ መብራት ማብራት፤
• እግርን ወለል ላይ አሳርፎ የሚታዩ አምስት ነገሮችን በስም መጥራት፤
• ዕለቱንና ያሉበትን ቦታ ለራስ መንገር።

የትዳር ጓደኛ በዚህ ጊዜ ሳያስፈቅድ ማቀፍ የለበትም። «እኔ ነኝ፤ ቤታችን ነን» ማለቱ ይበቃል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በግንኙነት ወቅት ሕመም ወይም ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የጡንቻ መኮማተር ካለ የማህፀን ሐኪም ማየት ይገባል። ቅዠት፣ ድንጋጤና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም መሄድ ለነገ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል ተቋቁሟል።

እኔ ፈጽሞ ረሳሁት አልልም። ባለቤቴ ዛሬም ከኋላዬ ሲመጣ አስቀድሞ ስሜን ይጠራል። እኔም ዞሬ እቀበለዋለሁ።