አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጀልባ ለሎጎ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች፤ ከጣና ልምድ ጋር ሲነጻጸር

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል የሚገኙት የወረኢሉ፣ የከላላና የቦረና ደጋማ ወረዳዎች ውሃቸውን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያወርዱ በመሆናቸው ትልቅ ሐይቅ የላቸውም። በዞኑ ዓሣ በጀልባ የሚመረትባቸው ዋና ዋና የውሃ አካላት በምሥራቅ በኩል ያሉት ሎጎና አርዲቦ ሐይቆች ናቸው። ከመካነ ሰላም ወይም ከወረኢሉ የተነሳ መንገደኛ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሐይቅ ከተማንና ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን ሎጎ ሐይቅ ያገኛል።

በሎጎ ሐይቅ ዓሣ የማስገር ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በታንኳና በመቅዘፊያ በሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች ነው። አስጋሪው መረቡን አመሻሽ ላይ ዘርግቶ ሌሊቱን ያሳድራል፤ ጎህ ሲቀድም ተመልሶ ያነሳል። በዚህ አሠራር ላይ ሞተር ይጨመር ቢባል የትኛው ሞተር ይሻላል የሚለው ጥያቄ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትንና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችን በጋራ የሚመለከት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጎን ለጎን የዓሣ ምርትንም ያካተተ በመሆኑ ጥያቄው ወቅታዊ ነው።

ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የቆዳ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይገባዋል፤ ከራሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የትምህርት ማዕከልነቱ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሥፍራ ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው።

መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ነዳጅም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ከሚወስደው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ከጭስ ጋር ወደ ውሃው ይለቀዋል። ባለ አራት ምት ሞተር በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ቢሆንም ዋጋው ውድ፣ ክብደቱም ከፍተኛ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በባሕር ጠለል ደረጃ የተለካ የቤንዚን ሞተር አየሩ በሳሳበት በሎጎ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አየር የማይፈልገው የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ችግር የለበትም። በግዥ ሰነድ ላይ የፈረስ ጉልበት ብቻ ተመልክቶ ለሚወስን ኃላፊ ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ ነው።

አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር በጀልባው ኋለኛ ጠርዝ ላይ በመቆንጠጫ ይታሰራል፤ ባትሪው ከጀልባው ወለል ላይ ይቀመጣል። በዓለም ገበያ በብዛት የሚገኘው በ12 ቮልት የሚሠራውና በሙሉ ኃይሉ ከ500 እስከ 600 ዋት የሚወስደው ዓይነት ነው። አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1 ሺህ 200 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። ይሁን እንጂ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ በተደጋጋሚ ከተሠራበት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ አስጋሪው ሊተማመንበት የሚገባው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ መጠን ሞተሩ በሙሉ ኃይል ቢነዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ሁለት ሰዎችንና መረብ የጫነች የ5 ሜትር ጀልባ በዚያ አንድ ሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ልትሄድ ትችላለች። በሩብ ኃይል ከተነዳች ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ለጀልባ የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ ኃይሉን ወደ ሩብ የቀነሰ አስጋሪ ከፍጥነቱ የሚያጣው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። በሰዓት ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ሜትር እየሄደ አራት ሰዓት ይቆያል፤ የሚሸፍነውም ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሌቱ ለጸጥተኛ ውሃ የሚሠራ ሲሆን ነፋስና ማዕበል በሚነሳበት ጊዜ ከዚህ ብዙ ይቀንሳል። መቅዘፊያ ከጀልባው ሊወርድ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከያዘው ኃይል አብዛኛውን ያለ ጉዳት የሚሰጥ፣ ክብደቱም ከእርሳሱ ባትሪ ከግማሽ በታች የሆነ፣ ከሺህ ጊዜ በላይ ተሞልቶ የሚሠራ ነው። የመነሻ ዋጋው ከፍተኛ ቢሆንም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከሚለወጥ ባትሪ ጋር ሲነጻጸር ውሎ አድሮ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ባትሪ መሙላትን በተመለከተ፣ ኤሌክትሪክ ያላት የሐይቅ ከተማ ለሐይቁ ዳርቻ ቅርብ ናት። መስመር ባልደረሰበት ዳርቻ ደግሞ አንድ ባለ 200 ዋት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በበጋ ቀን 800 ዋት ሰዓት ያህል ሊያመነጭ ስለሚችል፣ ሌሊት የተሠራበትን ባትሪ በማግሥቱ ይሞላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን ይህን ያህል መጠበቅ አይቻልም።

ፍጥነቱ አነስተኛ መሆኑ ለሎጎ ሐይቅ እምብዛም ጉድለት አይሆንም። በአገሪቱ ሐይቆች በሰፊው የሚታወቀው ቆሮሶ በሎጎ ሐይቅ የተጨመረው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ተመራማሪዎች የሐይቁ ውሃ ጥራት ከዚያ ወዲህ በጉልህ መቀነሱን የዘገቡ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ዓሣው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት በመብላቱ የአልጌ ብዛት መጨመሩ እንደሆነ ይጠቅሳሉ። ቆሮሶ የዳር ዓሣ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። በሐይቁ ጥልቅ ክፍል ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ ዓሣው ወደዚያ አይወርድም። ስለሆነም ኃይለኛ ሞተር የገዛ አስጋሪ በፍጥነት ወደ መሀል ቢደርስ የሚጠብቀው የዓሣ ክምችት የለም። የሚሠራው እንደ ባለ መቅዘፊያው ሁሉ በዚያው ጠባብ የዳር ውሃ ላይ ነው፤ ልዩነቱ በአንድ ሌሊት ብዙ መረብ መዘርጋቱ ላይ ነው።

ስጋቱም የሚነሳው ከዚሁ ነጥብ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ሞተር ወደ ዓሣ ሥራ ሲገባ ምን እንደሚከተል የታየው በጣና ሐይቅ ነው።

3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው በጣና ሐይቅ ለዘመናት ዓሣ ይሰገር የነበረው ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ነፋስ ሲነሳም ከዳር አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1986 በግብርና ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በኔዘርላንድስ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ትብብር በተጀመረው የልማት ፕሮግራም ሞተር የተገጠመላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች ለአስጋሪዎች ደረሱ። ፕሮግራሙ ለብዙ ቤተሰቦች መተዳደሪያ ፈጥሯል፤ የባሕር ዳርንም ገበያ ዓሣ አልብሷል።

ይሁን እንጂ ሞተሩ አስጋሪውን ታንኳ ወደማይደርስበት ሥፍራ በተለይም ወደ ወንዞች መግቢያ አደረሰው። የጣና ነጭ አሳ ዝርያዎች በአብዛኛው በዓለም በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ናቸው። ከእነዚህ በርከት ያሉት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መንጋው ከወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ የሚጠብቀው ከሆነ የሚያዘው እንቁላሉን ገና ያልጣለ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የተካሄዱ ጥናቶች ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች መጠን በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አመልክተዋል። ለጉዳቱ ሞተር ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ፣ የእርጥብ መሬቶች መታረስና ኋላ የመጣው የአንድ ክር ፕላስቲክ መረብ ድርሻ አላቸው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ዳርቻ በመውረር የሞተር መቅዘፊያዎችን እየተበተበ ይገኛል፤ በዚህ ረገድ የኤሌክትሪኩም ሞተር ከቤንዚኑ የተለየ ዕጣ አይኖረውም።

የጣና ነጭ አሳ በሎጎ ባይኖርም ነገሩ ይመሳሰላል፤ ጣናን የጎዳው የሞተሩ ጭስ ሳይሆን የመረቡ ብዛትና የተዘረጋበት ወቅት ነው። ጭስ የሌለው ሞተር ያንን አያስቀርም። እንዲያውም ነዳጅ የማይገዛ አስጋሪ ለተጨማሪ ጉዞ የሚያወጣው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል ባለመሆኑ፣ ምርት ሲቀንስ የቤንዚን ዋጋ ባለ ሞተሩን ቤት የሚያስቀምጠውን ያህል እርሱን አያስቀምጠውም። ይህ የኤሌክትሪክ ጀልባ ደጋፊዎች ብዙም የማያነሱት ጉዳይ ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣን ለንግድ ለማስገር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የደነገገ ሲሆን፣ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች እንዲኖሩም መሠረት ጥሏል። በመሆኑም የሞተር አቅርቦትን ከፈቃድ ጋር ማስተሳሰር ለወረዳ አስተዳደር አዲስ ሕግ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ ጀልባ የሚፈቀደው የመረብ ርዝመት፣ የመረቡ ዓይን ስፋትና ቆሮሶ ጎጆ የሚሠራባቸው የዳር ቦታዎች ሞተሩ ከመከፋፈሉ በፊት በጽሑፍ መወሰን ይኖርባቸዋል፤ ከተከፋፈለ በኋላ የሚወጣ ገደብ ተፈጻሚነቱ አዳጋች ነው።

በጎረቤት ኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ አስጋሪዎች የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ በኪራይ እየወሰዱ የሚሠሩበት አሠራር ተጀምሯል። አስጋሪው የተሞላ ባትሪ ይረከባል፤ ከሥራ ሲመለስ ባዶውን ያስረክባል። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ይህ ዓይነቱ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። የባትሪው ውድ ዋጋ በአንድ አባል ላይ አይወድቅም፤ በየሌሊቱ ስንት ጀልባ እንደወጣም ከባትሪ መዝገቡ ይታወቃል። ያረጁ የእርሳስ ባትሪዎችም በሐይቁ ዳር እንዳይጣሉ በዚያው መዝገብ መቆጣጠር ይቻላል።

በአጠቃቀም ረገድ ባትሪው በክዳን ሳጥን ውስጥ ሆኖ በጀልባው መሀል ዝቅ ብሎ መታሰር፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖር፣ የሽቦ ማያያዣዎችም ከውሃ መጠበቅ አለባቸው። የ12 ቮልት ኃይል እርጥብ እጅን በአደገኛ ሁኔታ ባይዝም ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ እሳት ያስነሳሉ። አስጋሪው ሌሊት የሚሠራ በመሆኑ የሕይወት አድን ጃኬትና መብራት ከሞተሩ ግዥ ጋር አብረው መያዝ የሚገባቸው ናቸው። ጸጥተኛው የኤሌክትሪክ ጀልባ በጨለማ ሲመጣ በታንኳ ላይ ያለው አስጋሪ ድምፁን አይሰማም።