ከጨርቅ እስከ አውሮፕላን

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 ኦልድ ትራፎርድ ላይ አንድ ደጋፊ በጨርቅ የተጻፈ መፈክር ዘረጋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ መስማት ሰልችቶት አሰልጣኙን አሌክስ ፈርጉሰንን በቃህ፣ ደህና ሁን ይላል። ማንቸስተር ዩናይትድ የዚያን ዕለት በክሪስታል ፓላስ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ መስከረም ላይ ደግሞ በከተማ ባላንጣው ሲቲ 5 ለ 1 ተቀጥቶ ነበር። ዛሬ ደጋፊውን አላዋቂ ማለት ግፍ ነው፤ ያየውን ነው የጻፈው።

በጃንዋሪ 1990 በኤፍኤ ዋንጫ ጨዋታ ኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳ ላይ የዩናይትዱ ወጣት ማርክ ሮቢንስ ኳሷን በግንባሩ ገጭቶ ብቸኛዋን ጎል አገባ። ፈርጉሰንን ከስንብት ያዳነች ጎል እየተባለች እስከዛሬ ትወሳለች። የክለቡ ሊቀመንበር የነበሩት ማርቲን ኤድዋርድስ ግን ብንሸነፍም አናሰናብተውም ነበር ብለዋል። በግንቦት ዩናይትድ ያንኑ ፓላስን በድጋሚ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ።

ፈርጉሰን እስከ 2013 ቆዩ።

ተተኪያቸው ዴቪድ ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ፈርመው ነበር። በማርች 2014 ግን ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው አውሮፕላን ተከራዩ፤ ይውጡ የሚል መፈክር እየጎተተ በስታዲየሙ አናት በረረ። ከታች የተቀመጠው ብዙ ሕዝብ ለአሰልጣኙ አጨበጨበ። ዩናይትድም አስቶን ቪላን 4 ለ 1 አሸነፈ። ሞይስ በኤፕሪል ተሰናበቱ።