ሥልጣን ያልነበረው ቦርድ

ኤፕሪል 20 ቀን 1837 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ ኤድዋርድ ኤቨረት አንድ አጭር ሕግ ፈረመ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሕጉ አሥር አባላት ያሉት የትምህርት ቦርድ አቋቋመ። አገረ ገዥውና ምክትሉ በሹመታቸው ይገባሉ፤ የቀሩት ስምንቱ ይሾማሉ። የቦርዱን የሥራ ድርሻ ያነበበ ሰው ግን «ለዚህ ሕግ ማውጣት ምን አስፈለገ?» ቢል አይፈረድበትም። ቦርዱ ትምህርት ቤት አይከፍትም፣ አይዘጋም። መምህር አይቀጥርም፣ አያሰናብትም። ግብርም አይጥልም። የተፈቀደለት የየከተማውን የትምህርት ሁኔታ እየጠየቀ በዓመት አንድ ጊዜ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ማቅረብ፣ የተሻለ የማስተማር ዘዴ ሲያገኝም ለሕዝብ ማዳረስ ብቻ ነበር። ለዚህም አንድ ደመወዝተኛ ዋና ጸሐፊ ተመደበለት፤ የዓመት ደመወዙም ከ1,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ትምህርት ሚኒስቴር ከዋና ከተማ ሆኖ ሲያዝ ማየት ለለመደው ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ እንግዳ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንዳች አይልም፤ ጉዳዩ ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነው። በማሳቹሴትስ ደግሞ ክፍለ ግዛቱም ቢሆን በእጁ አልያዘውም ነበር። በ1647 የወጣ ሕግ አምሳ አባወራ ያለበት ከተማ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው እንዲቀጥር፣ መቶ የደረሰ ደግሞ የላቲን ትምህርት ቤት እንዲከፍት ያስገድዳል። አፈጻጸሙ ግን የከተማው ነው። ኋላም ከከተማው ወርዶ በየሰፈሩ ላሉ ጥቃቅን የትምህርት ወረዳዎች ተላለፈ። አንዱ ወረዳ ደህና መምህር ፈልጎ ሲቀጥር፣ ጎረቤቱ በርካሽ የተገኘውን ያስገባል። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ስለሚልክ ለሕዝቡ ትምህርት ቤት ገንዘብ መክፈል ያስከፋዋል። ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ስንት ወር እንደሚያስተምሩና ስንት ልጅ እንደሚቀርባቸው በክፍለ ግዛት ደረጃ አጥርቶ የሚያውቅ አልነበረም።

የሕጉን ሐሳብ ለዓመታት ያራመደው ጄምስ ካርተር የሚባል የምክር ቤት አባልና መምህር ነው። ዋና ጸሐፊነቱም ለእሱ እንደሚሆን ብዙዎች ገምተው ነበር። ባለሀብቱ ኤድመንድ ድዋይት ግን የፈለገው ሌላ ሰው ነበር፤ የክፍለ ግዛቱን የላይኛውን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት የሚመራውን ጠበቃ ሆራስ ማንን። ድዋይት የፈለገው ሆነ። በእኔ አስተያየት በካርተር ላይ ግፍ ተሠርቷል፤ ምርጫው ግን ልክ ነበር። ማዘዝ ለማይችል መሥሪያ ቤት ከትምህርት ሊቅ ይልቅ ሕዝብ ማሳመን የሚያውቅ ፖለቲከኛ ይበጀዋል።

ሆራስ የጥብቅና ሥራውንም የምክር ቤት ወንበሩንም ትቶ በአርባ አንድ ዓመቱ መንገድ ጀመረ። በየአውራጃው መምህራንና ወላጆችን እየሰበሰበ ንግግር ያደርጋል፣ የመማሪያ ቤቶችን ጣሪያና መስኮት፣ ምድጃና አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ይመረምራል። በኋላ ዓመታት ፒትስፊልድ ላይ ለመምህራን ስብሰባ ቢደርስ ቤቱ ሳይሰናዳ ጠበቀው፤ መጥረጊያ ተፈልጎ መጣና እሱና በወቅቱ አገረ ገዥ የነበረው ጆርጅ ብሪግስ ራሳቸው ወለሉን ጠረጉ ይባላል።

የቦርዱ ዋና መሣሪያ ቅጽ ነበር። በየከተማው ያለው የትምህርት ኮሚቴ ስለ ልጆቹ ቁጥር፣ ስለ ቀሪዎች፣ ስለ መምህራን ደመወዝና ስለ ትምህርቱ ርዝመት በየዓመቱ ሞልቶ ይልካል። ያልላከ ከተማ ከክፍለ ግዛቱ የትምህርት ገንዘብ ድርሻውን ያጣል። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ሰው በነጻ የሚመጣለትን ማጣት አይወድምና ቅጹ እየተሞላ መጣ። ቀጥሎ ሆራስ ያደረገው ነገር በጣም ብልህ ነው። ከ4 እስከ 16 ዓመት ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ ከተማው በግብር ስንት እንደሚያዋጣ አሰላና ከተሞቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ደርድሮ አሳተመ። ማንንም አልዘለፈም፣ ማንንም አላዘዘም። ሀብታም ነኝ የሚል ከተማ ግን ስሙን ከድሃ ጎረቤቱ በታች ሲያነብ በሚቀጥለው የከተማ ስብሰባ ላይ ምን እንደሚነሣ መገመት አይከብድም። ሆራስ በሥራው ላይ በቆየባቸው ዓመታት ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚወጣው ገንዘብ እጥፍ ያህል ሆነ።

በ1838 ድዋይት መጀመሪያ ስሙን ሳይገልጥ 10,000 ዶላር ሰጠ፤ ክፍለ ግዛቱም ያንኑ ያህል ጨምሮ የመምህራን ማሠልጠኛ እንዲከፍት። ምክር ቤቱ ተስማማ። የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ጁላይ 3 ቀን 1839 ሌክሲንግተን ላይ ተከፈተ። በዚያ ቀን ፈተናውን አልፈው የገቡት ሦስት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ።

ጠላትም አልጠፋም። በ1827 የወጣ ሕግ የአንድን ሃይማኖት ወገን ትምህርት የሚደግፍ መጽሐፍ በሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። ቦርዱ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚመክራቸውን መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር አባላቱ አንድ ሳይቀሩ ያልተስማሙበት አይወጣም ብሎ ቆረጠ። ሆራስ በዚሁ ሕግ መሠረት የሰንበት ትምህርት ቤት ማኅበር አሳታሚዎች ያቀረቡለትን መጽሐፍ አልቀበልም ሲል «ትምህርትን ከእግዚአብሔር ሊያፋታ ነው» የሚል ክስ ተነሣበት። ሌሎች ደግሞ ቦርዱን የጀርመናዊቷን የፕራሻን ንጉሣዊ አሠራር ወደ ነጻ ሕዝብ የሚያስገባ በር አድርገው አዩት።

በ1839 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ከ102 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ማርከስ ሞርተን በአንድ ድምፅ አለፈ። ተሸናፊው ቦርዱን ያቋቋመው ኤቨረት ነበር። አዲሱ አገረ ገዥ ወጪ መቀነስና ትምህርትን ለየከተማው መመለስ ይፈልጋል። በ1840 የምክር ቤቱ የትምህርት ኮሚቴ አብላጫ አባላት ቦርዱም ማሠልጠኛዎቹም ይቅሩ የሚል ሪፖርት አቀረቡ። ክርክራቸው እንዲህ ነበር፦ ቦርዱ ሥልጣን ካለው አደገኛ ነው፤ ከሌለው ደግሞ ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ኮሚቴው ምክር ብቻ ይሰጣል የተባለ መሥሪያ ቤት ምክሩ ውሎ አድሮ ትእዛዝ ሊሆን እንደሚችል ታይቶታል። ያልታየው ከተሞቹ ራሳቸው ከቦርዱ ሪፖርት ምን እንዳተረፉ ነው፤ የጎረቤታቸውን ሁኔታ በቁጥር ያወቁት ከዚያ ወዲህ ነበርና። በድምፅ ሲወሰን ቦርዱ በ245 ለ182 ተረፈ። በጎረቤት ኮኔቲከት ግን በ1838 የተቋቋመውና በሄንሪ ባርናርድ ጸሐፊነት ይሠራ የነበረው አምሳያው መሥሪያ ቤት ዕድሉ አልቀናም፤ በ1842 በሕግ ተሰረዘ።

ሆራስ በ1843 አውሮፓን ዞሮ የፕራሻን መምህራን ሲያወድስ በቦስተን ያሉ 31 ርእሰ መምህራን ውዳሴውን በእነሱ ላይ እንደ ነቀፋ ቆጥረው በመጽሐፍ መልስ ሰጡት፤ እሱም ዝም አላለም። በ1848 ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ሲመረጥ ከቦርዱ ተሰናበተ። ከአራት ዓመት በኋላ ማሳቹሴትስ ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ 12 ሳምንት እንዲማር የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው።

ዛሬ ያው ቦርድ በሌላ ስም አለ፤ ከአባላቱ አንዱም ተማሪ ነው። የ1840 ተቃዋሚዎች የፈሩት ሥልጣን ግን አሁን በእጁ ገብቷል። በ1993 የወጣው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ተማሪዎች በክፍለ ግዛቱ ምን እንደሚማሩ መምሪያ ማውጣትን፣ በወደቁ ትምህርት ቤቶች ላይ ጣልቃ መግባትን ሰጠው። በ2011 የሎረንስ ከተማን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ከከተማው አስተዳደር ወስዶ በባለአደራ እንዲተዳደሩ አድርጓል። በቦስተን አካባቢ ልጅ ያሳደገ ኢትዮጵያዊ ወላጅ በደንብ የሚያውቀው ኤምካስ የተባለው የክፍለ ግዛቱ ፈተናም የዚያ ሕግ ውጤት ነው። ከ2003 ተመራቂዎች ጀምሮ ይህን ፈተና ያላለፈ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይመረቅም ነበር። በኖቬምበር 2024 ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ከመራጩ 59 በመቶው ግዴታው ይቅር አለ። ማን ይመረቅ የሚለው ውሳኔ ወደየከተማው ተመለሰ፤ ፈተናው ግን በየዓመቱ ይሰጣል፣ ውጤቱም በየትምህርት ቤቱ ተዘርዝሮ ይወጣል።